በቀብሩ ምሽት የተሰማው መዶሻ

መሐንዲስ ጎሹን የገደለው ራሱ ያመጣው ቀርከሃ ነው ተባለ። አሶሳ ገበያ አጠገብ በሚሠራው የንግድ ሕንጻ ሠራተኞቹ ጠዋት ሲገቡ፣ ከቀርከሃው ርብራብ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ አገኙት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ገመዱ የለቀቀ አንድ አግዳሚ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። ርብራቡን ያሰረው ብኸይታ ያኔውኑ ታሰረ።

ኢንስፔክተር የዝና ሥፍራው የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነው። ያላለቀ ሕንጻ አትወድም። ታላቅ ወንድሟ ባምባሲ ውስጥ በተደረመሰ ግድግዳ ሥር ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ነፋስ በባዶ መስኮት ሲያፏጭ ስሟን የሚጠራት ይመስላታል። ዛሬም በሩን እንዳለፈች ዘወር አለች። ማንም አልነበረም።

የሕንጻው ባለቤት አቶ ደባልቄ ዓይናቸው ቀልቷል። የጎሹን አስከሬን ይዘው አገሩ ካማሺ ድረስ ሄደው ቀብረውት፣ ገና ጠዋት መመለሳቸው ነው።

«ወጪ ቀንስልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «መስኮቱን ሁሉ በአንድ ልክ አደረገልኝ፤ ተቆርጦ የሚጣል ብረት ቀረ። ለርብራቡም ከሩቅ በሚመጣ ብረት ፋንታ የዚህን አገር ቀርከሃ አስተከለ። ከሲሚንቶ ግን አንዲት አካፋ አትቀነስም ብሎ ማለልኝ።»

ተቋራጩ አሳምነው አጠገባቸው ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «ርካሽ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው። እኔስ ብረት ይሻላል ብዬ ነበር።»

የዝና አንዱን ምሰሶ በመዳፏ ዳሰሰችው። «እንዲህ ሻካራ ሆኖ ነው የሚቀረው?»

«ጣራው ሳይከደን ልስን አንጀምርም፤ ዝናብ ያበላሸዋል።»

«የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና አቶ ደባልቄ ጋ ብቻ።»

ጥበቃው ዋቅሹማ ግን ከደጅ አልገባም አለ። የዝና ወደ እሱ ወጣች።

«ምን ያስፈራሃል አባቴ?»

«ያንኳኳል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሐንዲሱ የሞተ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው የገባው። ምሰሶውን ሁሉ በመዶሻ እያንኳኳ ይዞር ነበር፤ ልማዱ ነው። ከዚያ ዝም አለ፤ ሥራ ላይ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እሺ?»

«ትናንት ምሽት፣ እሱ አፈር ለብሶ፣ መዶሻው እንደገና ጀመረ። ከውስጥ፣ ከማዕዘኑ በኩል። በሬን ዘግቼ ጸሎት ያዝኩ።»

የዝና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሙታን ምሰሶ እንደማያንኳኩ ታውቃለች። ሆኖም ወደ ማዕዘኑ ስትሄድ ሁለቴ ወደ ኋላዋ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ደባልቄን፣ አሳምነውንና ብኸይታን እማዕዘኑ ጋ ሰበሰበቻቸው። ብኸይታ በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

«ወላሂ እኔ ገመድ ጥሩ ነው ያሰረው» አለ ገና ሲያያት። «ጎሹ ወንድሜ ነው። ቀርከሃ አልተሰበረችም።»

«አዎ፣ አልተሰበረም» አለች የዝና። «ገመዱም አልተበጠሰም፤ ጫፉ እኩል ነው፣ በስለት ተቆርጧል። ግን እኮ ጎሹ ርብራቡ ላይ አልወጣም።» ከፌስታል የሟቹን ጫማ አወጣች። ሶሉ በቀይ ጭቃ ተደፍኗል። «ይህን አድርጎ ቢወጣ ቀርከሃው ቀይ ይሆን ነበር። የገባው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልዘነበምና የሚያጥበው ዝናብ የለም። ቀርከሃው ግን ንጹሕ ነው። ደግሞ በግንባሩ ተደፍቶ ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ከኋላ ተመትቶ፣ ተጎትቶ ነው እዚያ የተጣለው።»

«ማን ነው የመታው?» አሉ ደባልቄ።

«ትናንት ምሽት እዚህ ያንኳኳው ሰው። ብኸይታ እስር ቤት ነበር። እርስዎ ካማሺ ነበሩ። በጓሮ በር ሊገባ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ።» ወደ አሳምነው ዞረች። «ጣራ ሳይከደን ልስን የለም ብለኸኛል። ታዲያ ከሁሉ ተለይቶ ይህ አንዱ ምሰሶ ለምን ተለሰነ? እርጥበቱ እንኳ አልጠፋም።»

ከፖሊሱ መዶሻ ተቀብላ ጎረቤቱን ምሰሶ መታችው፤ ጠንካራ ድምፅ ሰጠ። ማዕዘኑን ስትመታው እንደ ባዶ እንስራ አስተጋባ። ልስኑ ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ጠጠሩ አልተያያዘም፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል። ብረቱ ራቁቱን ይታያል።

«ሲሚንቶዬን የት አደረስከው?» አሉ ደባልቄ በሹክሹክታ።

አሳምነው ምሰሶውን ብቻ ነበር የሚያየው። «ጎሹ አፍርሰው አለኝ» አለ። «ፎቅ ተሸክሞ እንዴት ይፈርሳል? ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ማንኳኳቱን ቀጠለ… አሁንም ይሰማኛል። ትናንት የላላውን ጠጠር በመዶሻ አራግፌ ስለስነው እንኳ ከውስጥ ይመልስልኝ ነበር።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከብኸይታ ፈትቶ የአሳምነውን እጅ ሲያስር፣ ከላይ ደቃቅ አሸዋ በየዝና ትከሻ ላይ ፈሰሰ። ቀና አለች። ከላያቸው ባለው የኮንክሪት ወለል፣ በሶሌታው ላይ፣ የሠራተኞች ጫማ ይንኳኳል፤ ሥራ አልቆመም ነበር። ደረጃው ደግሞ በዚሁ ምሰሶ ጎን ነው የሚወርደው።

«በደረጃው እንዳትመጡ!» ብላ ወደ ውጭ ሮጠች። «በርብራቡ ውረዱ!»

ሠራተኞቹ ከላይ ወደ ቀርከሃው አዩ። ሰው የገደለ ነው ተብሎ የተወራለትን ነገር የሚነካ ጠፋ። አንዱ ወደ ደረጃው መለስ ማለት ጀመረ።

ብኸይታ ማንንም አልጠየቀም። ገና የካቴናው ምልክት ባለበት እጁ ቀርከሃውን ጨብጦ ወጣ፤ የለቀቀውን አግዳሚ በራሱ መታጠቂያ አሰረና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ና» አለው ለመጀመሪያው ሰው።

የዝና ከሥር ቆማ፣ የመጨረሻው ሠራተኛ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ካለችበት አልተነቃነቀችም።