ጨዋው ማመልከቻ

ልብስ ሰፊዋ ማመልከቻዋ ለሁለተኛ ጊዜ ውድቅ ሆኖ ሲመለስላት አላለቀሰችም፤ እንባዋ ቀድሞ አልቋል፤ የቀራት ንዴት ብቻ ነበር። ግራ ጆሮዋ በፋሻ ተሸፍኗል። ባሏ በጥፊ ሲመታት ታምቡሩ ተቀዷል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰውዬው ወደ እሷና ወደ ሴት ልጇ እንዳይቀርብ የሚከለክል የፍርድ ቤት ትእዛዝ። እስከዚያው እናትና ልጅ እህቷ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። እሱም በየቀኑ እየመጣ በሩን ይደበድባል።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ሽማግሌ ሄዳ ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጻፉልኝ?»

ሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ያልተዉት ልማድ አላቸው። ባለጉዳይ የቤቱን ጉድ እንዳለ ቢዘረግፈው እንኳ እሳቸው አለዝበው ነው የሚጽፉት። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«‹በመካከላችን በተፈጠረ መጠነኛ አለመግባባት ምክንያት› ይላል። ታዲያ ምን ጎደለው? ጨዋ ጽሑፍ ነው። ዳኛ ፊት አጮለኝ፣ ረገጠኝ ይባላል እንዴ? ገበና እኮ ነው ልጄ!»

«እኔ የልጄን ዩኒፎርም እየተኮስኩ ነበር። ከኋላዬ ጠራኝ፤ ዞር ስል አጮለኝ። የቱ ላይ ነው ያልተግባባነው?»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ነጋዴ ሳቅ አለ። «ባልና ሚስት ዛሬ ተጣልተው ነገ ይታረቃሉ። ምን ታካብጃለሽ?»

«አንተ ዝም በል! ያንተ ጆሮ ሁለቱም ይሰማል» አለችውና ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። «ዳኛዋ ምን እንዳሉኝ ልንገርዎት? ‹የሐኪሙ ማስረጃ ድብደባ ይላል፤ የእርስዎ ማመልከቻ አለመግባባት ይላል። የቱን ልመን? ሕጉ የሚከለክለው የሚመታውን ነው። ላልተግባቡ ሰዎች ሽምግልና አለላቸው› አሉኝ። አሁን ከዚያ ሰውዬ ጋር ሽማግሌ ፊት ተቀምጬ ልታረቅ?»

«ዳኛዋ ፋሻውን አያዩም እንዴ? ድሮም ሕጉ እዚህ አገር ወረቀት ላይ ብቻ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«ወረቀቱን የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ላንቺው ክብር ብዬ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ወገቧ ዘጠና የሆነች ደንበኛ ስትመጣ፣ ክብሯን ልጠብቅላት ብዬ ስድሳ ብጽፍ ቀሚሱ ይገባላታል?»

ነጋዴው አሁን በሽማግሌው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እሳቸው ጽፈውላቸው፣ ማመልከቻቸው ውድቅ ሆኖ ወደ ሽምግልና የተመለሱት ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ይመጣባቸው ጀመር። ለእያንዳንዷ ዳኞቹን አምተዋል፤ ለእያንዳንዷም ያንኑ ዓረፍተ ነገር የጻፉት እሳቸው ናቸው።

አዲስ ወረቀት አወጡ። «በይ እንዳለ ንገሪኝ። አላለዝበውም።»

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ካውያውን፣ ጥፊውን፣ ከጆሮዋ የወረደውን ደም ነገረቻቸው። እጃቸው ሁለቴ ቆመ፤ ሁለቴም ቀጠለ።

ትእዛዙ በሦስተኛው ቀን ወጣ።

ወገኖቼ፣ ሕግ የሚፈርደው በነገርነው ልክ ነው። የጎረቤት ጩኸት ሰምተን «ባልና ሚስት ናቸው» እያልን በራችንን የምንዘጋ ስንቶች ነን? ድብደባን በጨዋ ቃል ስንሸፋፍን፣ ከመሸፋፈኑ የሚጠቀመው ደብዳቢው ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ትእዛዙን ልታሳያቸው ስትመጣ፣ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች ወጣት ሴት ጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ አገኘች። «ከባለቤቴ ጋር ትንሽ አልተስማማንም ብለው ይጻፉልኝ» ትላለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሽማግሌው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የኔ ልጅ፣ እሱን ተይው። ምን አደረገሽ?»

ወጣቷ ሻርፗን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ንገሪያቸው» አለቻት። «አሁን ይጽፋሉ።»