የመርቆሬዎስ መቃን

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ጫማውን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደግሞ በእኩለ ሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ... የሆነው ኅዳር ሃያ አምስት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ የጋሸና መገንጠያ በከባድ መኪና ተጨናንቆ።

የነገረችኝ ሰብሌ ናት። የቢተው ሚስት።

እኔ ያገሯ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ለቢተው እንዳዝንለት አትጠብቁኝ።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሲኬድ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለን። አሮጌው መርቆሬዎስ እንለዋለን። ታቦቱ ኮረብታው ላይ ወደተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ከገባ ቆይቷል። አሮጌውን ግን አልጣልነውም። እድሩ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት እዚያው ነው። ግድግዳው መሰንጠቅ ሲጀምር የጥገና ኮሚቴ አቋቁመን ቁልፉን ለሰብሳቢው ሰጠን።

ሰብሳቢው ቢተው ነበር። ሞኞች ነን።

የአሮጌው ቤት ክብሩ መቃኑ ነው። በሩን ግራና ቀኝ ይዞ የቆመ፣ ከአንድ ትልቅ ወይራ የተፈለጠ እንጨት። ያገሩ ሰው ሁሉ ጫማውን ያወልቅና መቃኑን ተሳልሞ ይገባል። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ከመሳለም ብዛት እንጨቱ ጎድጉዷል፤ እንደ ቅቤ ቅል ይለሰልሳል።

ቢተው ዓይኑን እሱ ላይ ጣለ።

ጋሸና ላይ አዲስ ሆቴል ከፍቶ ነበር። እንግዳ አሮጌ ነገር እንደሚወድ ያውቃል። አንድ ቀን «ምስጥ በልቶታል» አለና መቃኑን ነቅሎ ወሰደ፤ በቦታው የባሕር ዛፍ አጣና ገተረ። ወይራውን አስወልውሎ የምግብ ቤቱ በር አደረገው።

ሰብሌ ገና ስታየው አወቀችው።

«ቢተው... ይኼ የመርቆሬዎስ አይደለም?»

«ምስጥ የበላው ነው አልኩሽ!»

ወይራን ምስጥ አይበላውም። ሰብሌም ይህን ታውቃለች... ግን ትዳሯን ፈርታ ዝም አለች።

ዝም ያላሉት አክስቷ ናቸው፤ እማሆይ ጽጌማርያም። ጠዋት ጠዋት አሮጌውን ቤት የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ መቃኑን የሚያውቁት በከንፈራቸው ነው። ያን ቀን ጎንበስ ብለው ሲሳለሙ ባሕር ዛፍ ሸተታቸው።

በዚያ እርጅናቸው ጋሸና ድረስ መጡ። ሰው ምሳ እየበላ ሳለ ኮንጎ ጫማቸውን አውልቀው፣ የሆቴሉን በር ዳበስ ዳበስ አደረጉና ተሳለሙት።

«ቢተው፣ መልሰው» አሉ።

«እማሆይ፣ ሰው ፊት አያዋርዱኝ እንጂ! አዲስ ተሠርቶላችሁ የለም? አሮጌው ምን ያደርግላችኋል?»

«ታቦቱ ወጣ እንጂ እኛ አልወጣንም። ያለ መቃኑ ግድግዳው አይቆምም፤ ሰው ይጨርሳል።»

«እሺ፣ እናያለን።»

እማሆይ ጫማቸውን እያደረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከአጠገባቸው የነበረችው ሰብሌ ብቻ ናት።

«የተሳለሙት ሁሉ ይመጡበታል...» አሉ። «መጨረሻ ላይ እኔ እመጣለሁ።»

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። አጣናው ጎበጠ። እማሆይ እየጠረጉ ሳሉ የፊት ግድግዳው ወረደባቸው።

ጫማቸው ደጅ ላይ እንደወለቀ ቀረ። ማሰሪያው ተበጥሶ ሰብሌ በቀይ ክር የሰፋችላቸው ጫማ ነው። እሷው አንስታ እግራቸው ሥር አድርጋ አስቀበረችው።

ቢተው ለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ አለቀሰ። «ዝናቡ ነው፤ ዝናቡ ጨረሰን» ይላል። ሰብሌ አጠገቡ ቆማ ትሰማው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ...

መጀመሪያ ጫማ ነበር። ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቃል። «ለምን አወለቅህ?» ሲሉት እግሩን አይቶ ይደነግጣል።

ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ ጠፋ። ሰው ሽሮውን በሹክሹክታ ያዛል።

ቢተው «የተከበረ ቤት ሆነ» እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰብሌ በሩን ልትወለውል ስትቀርብ መቃኑ እርጥብ ነው። ዝናብ የለም፤ ጤዛም እዚያ አይደርስም። እርጥበቱ ቦታ ቦታ ነበር... በሰው ቁመት ልክ አንድ፣ ዝቅ ብሎ ሌላ፣ በሕፃን ቁመት ልክ ደግሞ ሌላ።

ገና አሁን የተሳመ ይመስል ነበር።

ጠረገችው። ዞር ብላ ስትመለስ... እንደገና እርጥብ ነው።

«መልሰው» አለችው ባሏን። «እግርህ ላይ ልውደቅ፣ መልሰው።»

«ደግሞ አንቺ ጀመርሽ?»

ጥቅምት ሲያልቅ ሐምዳን የሚባል የደሴ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ መጣ። እሱም ጫማውን አወለቀ። አንድ እግሩን ከደፉ አሳለፈና... ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለው ቢተው።

«በየት በኩል?»

«ምን በየት በኩል አለው! ባዶ ነው፣ ግባ።»

ሐምዳን ወደ ኋላ አፈገፈገ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

«ወላሂ ሰው ሞልቶበታል፤ ማለፊያ የለም» አለ። «ሁሉም ቆመዋል... ሁሉም ወደ አንተ ነው የሚያዩት።»

ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወደ መኪናው ሮጠ።

ያን ጊዜ ቢተው አልሳቀም። መቃኑን ግን አልመለሰም። እልኸኛ ነው፤ ያገር ሰው ፊት «አዎ፣ ሰርቄያለሁ» ከሚል ሞቱን ይመርጣል።

ኅዳር ሃያ አምስት ደረሰ። የመርቆሬዎስ ንግሥ ነው። ያገሩ ሰው ታቦት ሲያጅብ ቢተው ሆቴሉን ከፍቶ ዋለ። ሰው ግን አልመጣም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰብሌ ከጓሮ ውኃ ይዛ ወጣች።

ከበሩ ፊት ጫማ ተደርድሯል።

የጎማ በረባሶ... የድሮ ሰው የሚያደርገው የቆዳ ጫማ፣ ፀጉሩ ገና ያልረገፈ... የሕፃን ጫማ... ሁሉም አፈር ለብሷል። የደረቅ መሬት አፈር አይደለም፤ ከጥልቅ የወጣ ጥቁር እርጥብ አፈር ነው።

ውስጥ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነው የሚታየው።

ቢተው ከጎን ካለው ቢሮው ወጣ። «ማነው ይኼን የከመረው!» ብሎ በእርግጫ ሊበትነው እግሩን አነሳ... አልበተነውም። እግሩ አየር ላይ ቀረ።

ከጫማዎቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ለብቻው፣ ኮንጎ ጫማ ተቀምጧል። ማሰሪያው በቀይ ክር የተሰፋ።

ሰብሌ እንስራዋን አስቀመጠች።

«ሰብሌ...» አለ ቀስ ብሎ። «ማነው ውስጥ ያለው?»

ሰብሌ የምታየው መቃኑን ነበር። ጎንበስ ያለች አሮጊት በምትሳለምበት ቁመት ላይ እንጨቱ እርጥበት ጀመረው... እያየችው... ከንፈር የሚያህል።

ቢተው ጎንበስ አለ። የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ሰብሌ፣ እኔ አይደለሁም የምፈታው... እጄን ያዥው...»

አንዱን አወለቀ።

«ያዥኝ በማርያም! ያዥኝ!»

እጇን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር። አልዘረጋችም።

«ፈርተሽ ነው?» አልኳት ስትነግረኝ።

«አልፈራሁም» አለችኝ። «አክስቴ ታዩኝ። ፍርስራሹ ሥር እጃቸው ብቻ ወጥቶ... መጥረጊያውን እንደያዘ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።»

ቢተው ሁለተኛውን አወለቀ። እያለቀሰ መቃኑን ተሳለመ። ገባ።

ያ ክፍል ሌላ በር የለውም። መስኮቱ በብረት የታጠረ ነው።

ሰብሌ ስትገባ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ አገኘች። ስትወጣ የተደረደረው ጫማ የለም። የቢተውም ጥቁር ጫማ የለም።

ፖሊስ መጣ፤ ፈለገ፤ ሄደ። «ከድቷት ነው» ያለም አለ። በሳምንቱ መቃኑን እሷው አስነቅላ ሰጠችን። በትከሻ ተሸክመን አገባነው፣ ግድግዳውንም መልሰን ሠራን። አሁን እድሩ እንደ ድሮው እዚያ ይሰበሰባል፤ ልጆቹም ተመልሰዋል።

አንድ ነገር ብቻ...

ስብሰባው አልቆ ሰው ሁሉ ጫማውን አድርጎ ሲበተን፣ አንድ ጫማ ደፉ ላይ ይቀራል። ጥቁር የወንድ ጫማ። አፍንጫው ወደ ውስጥ የዞረ። ማንም አላመጣውም፤ ማንም አይነካውም።

ባለፈው እሁድ ሰብሌ መጣች። ሰው እስኪሄድ ጠብቃ፣ ከበሩ ቁጢጥ አለች። እኔ ከደጁ ዋርካ ሥር ሆኜ አያታለሁ።

ክሩን ላላ አድርጋ እጇን ወደ ጫማው ውስጥ ሰደደች። ከዚያ ቶሎ አውጥታ እጇን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ምነው?» አልኳት።

ባዶውን ቤት እያየች ነው የመለሰችልኝ፤ በሹክሹክታ።

«ገና ይሞቃል።»