ያልተሰናበተው ጥንቸል

«ብላ እንጂ! ለአላህ ብለህ ብላ!»

ሱዓድ የካሮቱን ቅጠል ለሦስተኛ ጊዜ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ሻይ የተባለው ቡናማ ጥንቸል ዞር ብሎም አላየው። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከሳጥኑ ጥግ ተኮራምቶ በሩን በሩን ያያል። ጥንቸል ሁለት ቀን ካልበላ እንደማይተርፍ ሱዓድ ሰምታለች። ሁለተኛው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

ጥንቸሎቹ የእሷ አይደሉም፣ የጓደኛዋ የኡባህ ናቸው። ኡባህ ጅግጅጋ ያደገች ልጅ ናት። ቤተሰቧ የፈረሰ ቤቱን ሊያሠራ ሀርጌሳ ሲመለስ፣ ግንበኛው ከኢትዮጵያ የመጣው የሱዓድ አባት ስለነበር ነው የተዋወቁት። ኡባህ ለአክስቷ ሠርግ ወደ ጅግጅጋ ስትሄድ ሻይንና ነጯን ጥንቸል ስኳርን «አማና» ብላ ለሱዓድ በአደራ ሰጥታት ነበር። ማክሰኞ እለት ሱዓድ ለፈተና ስትሮጥ ሳጥኑን ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ትታው ሄደች፤ ውሃም አልሞላችም። ቀትር ላይ ስትመለስ ስኳር ሞታለች።

«የሞተ አይቆይም» ብሎ ታላቅ ወንድሟ ሙጂብ ወዲያው ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፈረ። ሱዓድ በአሮጌ ሻሿ ጠቅልላ ቀበረቻት። ከዚያ ሳጥኑንም የተኙበትን ጆንያም በኦሞ ፈትጋ አጠበች። በማግስቱ ኡባህ ሰፈራቸው ስልክ ቤት ደውላ «ልጆቼ እንዴት ናቸው?» ስትላት፣ ሱዓድ ዓይኗን በጨው አጥባ «ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለቻት።

ኡባህ ዛሬ ጠዋት ከጅግጅጋ ገብታለች። «ከዐስር ሶላት በኋላ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ብላ ልካለች።

ጎረቤታቸው ኤዶ ኸድራ ወተት ይዘው ብቅ አሉ። ፍየል ያረባሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ አክስት «ኤዶ» ነው የሚላቸው። ጎንበስ ብለው ሻይን አዩትና በሱማሌኛ፣ «የሞተችውን አሳያችሁት?» ብለው ጠየቁ።

«ለጥንቸሉ? አይ፣ ቶሎ ቀበርናት።»

«መቸኮል ለሰው ነው፣ ልጄ። ፍየል ግልገሏ ሲሞት ካላሸተተችው ስትጮህ፣ ስትፈልገው ትከርማለች። አሽትታ ቁርጧን ስታውቅ ነው እኛ የምናነሣው። ይሄም እየጠበቃት ነው።» ወተቱን አስቀምጠው ሲወጡ፣ «የእሷ ጠረን ያለበት ነገር ፈልጊለት» አሏት።

ሱዓድ ጆንያውን አንሥታ አሸተተችው። ኦሞ ኦሞ ይላል። እጇ ጠረኑን ሁሉ አጥቦ ጨርሶታል። የቀረ ነገር ቢኖር እስካለፈው ሳምንት ይተኙበት የነበረው የኡባህ አሮጌ ሹራብ ነው። እሱ ደግሞ ያለው ኡባህ ቤት ነው።

ሙጂብ ካርቶን አቅፎ እያለከለከ ገባ። ለነገር ሁሉ መላ አያጣም።

«ተገኘች! መሐመድ ሞጌ ሰፈር ድረስ ሄጄ ነው። እያት፣ ቁርጥ ስኳርን! ኡባህ በሕልሟም አትነቃ።»

አዲሷን ነጭ ጥንቸል ሳጥኑ ውስጥ አስገባት። የሻይ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጥጉ ተነሥቶ ዘለለ፤ አንገቷን አሸተተ፤ ጆሮዋን አሸተተ። ከዚያ ሻይ ቀስ ብሎ ጀርባውን ሰጣትና ወደ ጥጉ ተመልሶ በሩን ማየት ጀመረ። ሱዓድን አንጀቷን በላት።

«ይለምዳታል፣ አታካብጂ» አለ ሙጂብ።

«እሱ እኮ አወቀ።»

«ጥንቸል ቢያውቅ ምን ያመጣል? ኡባህ አትወቅ እንጂ! ከነገርሻት ሁለተኛ አታናግርሽም።»

እውነቱን ሊሆን ይችላል። በዚህ ከተማ ሱዓድ ከቤቷ ውጪ በአማርኛ እያወራች የምትስቀው ከኡባህ ጋር ብቻ ነው። ካሮቱን አስቀመጠች። ሻይን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች።

ኡባህ ቤታቸው ደጃፍ፣ በጥይት በተበሳሳው አሮጌ ግንብና በአዲሱ ብሎኬት መካከል ቆማ የመንገድ አቧራ ታራግፋለች። የሠርጉ ሂና ከእጇ ገና አልለቀቀም።

«ሱዓዲ! እኔ እመጣ የለም እንዴ? ስኳርስ?»

ሱዓድ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ለስላሳ ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ሹራባቸውን አምጪለት፣ ሻይ ሊሞትብን ነው። ስኳር... ስኳር ሞታለች። በስልክ የነገርኩሽ ውሸት ነው።»

ኡባህ ወደ ቤት ገባች። ቆየች። ለሱዓድ ተመልሳ የማትወጣ መሰላት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሹራቡን ደጃፉ ላይ ዘረጋችና ፈንጠር ብላ ተቀመጠች። ሻይ አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን በሙሉ አስገባና እዚያው ቀረ።

«እንዴት ሞተች?» አለች ኡባህ ሳታያት።

ሱዓድ «ሙቀት ነው» ብትል ይበቃ ነበር። የሀርጌሳን ፀሐይ ማን ይከሳል?

ሱዓድ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ማክሰኞ እለት» አለች፣ «ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ትቼው ሄድኩ።»