በባዶ ሆድ የተቀዳ ደም

ዶክተር አምለሰትን ሞታ ያገኘቻት ተማሪዋ እንቁ ናት። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለምርምር የተከራዩትን ቤት ከፍታ ስትገባ መምህሯ ጠረጴዛው ሥር ወድቃ ነበር። እንቁ ጮኻ ሰው ጠራች።

መርማሪው ኢንስፔክተር ይታገሱ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዝምታው ደግሞ ንጹሑንም ያስፈራል። የሟቿ ጭንቅላት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ተከፍቷል፤ ኅዳጉ ላይ «በልተዋል» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል።

«ስትመጪ በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«አዎ፣ ከውጭ።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሦስት። አንዱ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። አንዱ እኔ ጋ…» እንባዋ አቋረጣት። «ሌላው ወንዳወቅ ጋ ነው። እሱ ግን ለጥናቱ ደም ሊቀዳ ቡሬ ሄዷል።»

«እንግዲያ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለ ይታገሱ።

የቤተ ሙከራው ባለሙያ ወንዳወቅ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። የበረዶ ሳጥኑን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ገበሬዎቹ ዘንድ አድሬ ጎህ ሲቀድ ነው የቀዳሁት» አለ። «አሥራ ሁለት ብልቃጥ ነው፤ ሰዓቱም ተጽፎበታል።»

ይታገሱ ሳጥኑን ከፈተ። ሁሉም ላይ «ረቡዕ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» ይላል። ደሙ ከታች ረግቷል፤ አናቱ ላይ ስስ ነጭ ነገር ሰፍሯል። መልሶ ከደነው። ኔትወርክ ከጠፋ ሳምንት ስለሆነው ቡሬ መደወል አይቻልም።

በማግሥቱ እንቁን ፖሊስ ጣቢያ አስጠራት።

«መምህርሽ ምን ነበር የሚያጠኑት?»

«ቅባት። ሰው እንደ ስንቅ ብቻ ነው የሚያየው። እሳቸው ግን ቅባት በሰውነታችን ውስጥ መልእክት እንደሚያደርስ፣ መልእክቱ ሲዛባም እንደምንታመም ነው ያጠኑት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ!»

«የተቀዳ ደም አናት ላይ ነጭ ነገር ቢንሳፈፍስ?»

«ቅባት በልቶ የተቀዳ ሰው ደም ነዋ። ሲያድር ቅባቱ ወደ ላይ ይወጣል። በባዶ ሆድ ከተቀዳ ጤነኛ ሰው እንዲያ አይታይም።»

«ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ለማንም።»

ያ «ለማንም» አስበረገጋት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትወጣ ወንዳወቅ «ገዳዩ ገና አልተያዘም፣ ብቻሽን አትሂጂ» ብሎ እስከ ቤቷ ሸኛት። እሷም ከልቧ አመሰገነችው።

ዓርብ ዕለት ይታገሱ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበ። እንቁ የምትታሰርበት ቀን መስሏት ቅያሪ ልብሷን በፌስታል ይዛ መጥታለች። ወንዳወቅ አጠገቧ ተቀመጠ። ከቡሬ ገጠር የመጡት ሽማግሌ፣ አቶ ክንዱ፣ በሩ ሥር ነበሩ።

«አባቴ፣ ደም የሰጡት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ነዋ፣ የኔ ጌታ! የሚካኤል ዝክር ነበር። በግ አርደን፣ ቅቤ የጠገበ ወጥ በልተን ስናበቃ ይኸ ልጅ መጣ። ዶክተሯ ሳትበሉ ነው ያለችን ብንለው ‹ግድ የለም፣ ነገ ከምመላለስ ዛሬ ልጨርስ› አለን። ቀድቶም ሳያድር በዚያው ማታ ሄደ።»



«ብልቃጦቹ ቅባት ተንሳፍፎባቸው ነበር» አለ ይታገሱ። «ረቡዕ ጾም ነው፤ በጾም ቀን ጎህ ሲቀድ ቅቤ የሚበላ ገበሬ ቡሬ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደሙ የረቡዕ አይደለም። ቀጂውም ረቡዕ ጠዋት ቡሬ አልነበረም። ሦስተኛው ቁልፍ እዚሁ ከተማ ነበር። መዝገቡን አገላበጥኩት፤ ‹በልተዋል› ተብሎ የተጻፈው ወንዳወቅ ካመጣው ደም አጠገብ ብቻ ነው። ዶክተሯ ደርሰውበት ነበር።»

«ጠዋት እዚህ አገኘችኝ» አለ ወንዳወቅ ቀና ሳይል። «ቡሬ አልነበርክም ወይ ብላ ጮኸችብኝ። የዕድሜ ልክ ሥራዬን አበላሸኸው፣ ለዩኒቨርሲቲው እጽፋለሁ አለች። ገፋኋት። ስትወድቅ ቆልፌ ሮጥኩ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እንቁ ፌስታሏን አቅፋ እንደተቀመጠች ቀረች።

«ትናንት ሲሸኘኝ» አለች፣ «መርማሪው ስለ ብልቃጦቹ ምን ጠየቀሽ ብሎኝ ነበር።»

ይታገሱ ደነገጠ። «ምን አልሽው?»

«ምንም አልጠየቀኝም አልኩት። ፊት ፊቴን እያየ ቆየ። ከዚያ ‹ነገም እሸኝሻለሁ› አለኝ።»

ፌስታሏን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች።

«ኢንስፔክተር፣ ዛሬ… እባክዎ እርስዎ ይሸኙኝ።»