አማቴ የሳቁበት የካውቦይ ፊልም

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማስበው «ይሄ ሰውዬ ምን ሊሸጥልኝ ነው?» ብዬ ነው፣ እመኑኝ፣ ጥርጣሬ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነገር ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ጣራው ላይ ድንጋይ የሚዘንብበት ቤት አለ ተብሎ ጎረቤቱ ሁሉ ጠበል ሲያስረጭ እኔ የምፈልገው ድንጋዩን የሚወረውረውን ጎረምሳ ነበር፣ ደግሞም አገኘሁት። ሶ አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ፊት ለፊቱ ባልስቅ እንኳ ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ እያወራሁ እስቅበት ነበር። ችግሩ የደረሰው በራሴ ላይ ነው፣ ያውም ሌሊት አይደለም፣ መብራት ጠፍቶም አይደለም፣ የቴክሳስ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሶፋውን እያቃጠለችው ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነው፣ ግሬፕቫይን የሚባል ከተማ ካሉት ሆቴሎች እንግዳ ጭኜ ኤርፖርት አደርሳለሁ፣ ከኤርፖርት ጭኜ ደግሞ እመለሳለሁ፣ ሺፍቴ ሳይነጋ ስለሚጀምር ከሰዓት በኋላ ጋርላንድ ከተማ ያለው ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ትዕግስት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፣ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከሰዓቱን የማሳልፈው ከአባቷ ከአባባ መኮንን ጋር ነው። አባባን ያመጣናቸው እናቷ እማማ አስካለ ካረፉ በኋላ ነው፣ ብቻቸውን እዛ ምን ይሠራሉ ብለን።

እማማ አስካለን እኔ በደንብ ነው የማውቃቸው፣ ከሠርጋችን በኋላ ዲቪ ደርሶን እስክንወጣ ድረስ የኖርነው እነሱ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፣ ሳቃቸውን ደግሞ ግድግዳ አያግደውም ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይጠፋል፣ ዝም ይላሉ፣ ሰው ምን ሆኑ ብሎ ሲደነግጥ አንድ ቀጭን ሳቅ ይፈነዳል፣ ከዛ እያነሰ እያነሰ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ኧረ ሞትኩ» ይላሉ፣ «ሞትኩ»ን ሳብ አድርገው፣ ደክሟቸው። እሱን ሳቅ አንዴ የሰማ ሰው ከሌላ ሳቅ ጋር አያምታታውም፣ ይቺን ነገር ያዙልኝ።

እና አንድ ቅዳሜ አባባን ትንሽ እንዲንቀሳቀሱ ብዬ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ይዣቸው ሄድኩ፣ እሳቸው እዛ ቤት ሲዞሩ ደስ ይላቸዋል፣ የድሮ ዲስኮች ከተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ አንዱን አንስተው አልለቅም አሉ፣ ሽፋኑ ላይ ፈረስ ስላለበት ነው። የካውቦይ ኮሜዲ ነው፣ ፈረሱን የሚፈራ ወፍራም ሸሪፍ፣ የከተማው ፖሊስ አለቃ ማለት ነው፣ የሸሪፉ ረዳት፣ አንዲት የሆቴል ባለቤት፣ እንደዛ ዓይነት ነገር። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ እንዳነበብኩት ፊልም ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ድሮ በቲቪ በየሳምንቱ ይተላለፍ የነበረ ኮሜዲ ነው፣ በኋላ ክፍሎቹን ቆራርጠው፣ አንድ ላይ ሰፍተው፣ ፊልም ነው ብለው ሲኒማ ቤት አሳዩት። ስፌቱ በዓይን ይታያል፣ ሸሪፉ ጢሙን ይዞ በር ከፍቶ ይገባል፣ ውስጥ ሲደርስ ጢም የለውም፣ ከከተማ ሲወጣ ቡናማ የነበረው ፈረስ ወንዝ ሲሻገር ነጭ ሆኗል፣ መጀመሪያ ላይ የታሰረው ሌባ በኋላ ላይ ባለባንክ ሆኖ ይመጣል። አባባ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ግን ይስቃሉ፣ ከኋላ የሚሰማው የሕዝብ ሳቅ ሲነሳ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ታውቁት የለ፣ የድሮ ኮሜዲ ላይ የማይታዩ ሰዎች የሚስቁትን። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ስላላየናቸው ደስ አለን፣ ማለቴ፣ ዲስኩን በየቀኑ ሲከፍቱት እንኳ ደስ ብሎን ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ አባባ ጣታቸውን ቀሰሩና፣ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳይነቅሉ፣ «ስማ፣ አሁን ትስቃለች» አሉኝ። ማን ናት ስላቸው በቀሰሩት ጣት ቲቪውን አመለከቱኝ። ሸሪፉ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሞክሮ በሌላው በኩል ወደቀ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ ሳቁ ሲበርድ ግን አንዲት ሴት ወደኋላ ቀረች። ቀጭን ሳቅ ነው፣ እያነሰ ሄደ፣ እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ የሰው ሳቅ የሰው ሳቅ ነው ብዬ ምሳዬን ላሞቅ ኪችን ገባሁ፣ ማይክሮዌቩን ሳልከፍተው ከሳሎን «ኧረ ሞትኩ» የሚል ሰማሁ። እጄ በሩ ላይ ቀረ። ተመልሼ ስወጣ አባባ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

እንግዲህ እኔ ማን ነኝ፣ ወዲያው መጠርጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጆሮዬን ነው፣ እንግሊዝኛ ሆኖ አማርኛ መስሎኝ ይሆናል አልኩ፣ ወደኋላ መልሼ ሰማሁት፣ «ኧረ ሞትኩ» ነው። ቀጥሎ ጎረቤቶቻችንን ጠረጠርኩ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ቬትናሞች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በዛ ሰዓት ቤት አይገኙም። ስፒከሩን ነቀልኩት፣ ዋይፋዩን አጠፋሁት፣ የአባባን ስልክ ሳይቀር ወስጄ መኪና ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ሳቁ እንደሆነ አልቀረም። የባሰው ነገር ደግሞ ቦታውን ይቀያይራል፣ አንድ ቀን ሸሪፉ ሲወድቅ፣ ሌላ ቀን የሆቴሏ ባለቤት ሾርባ ስትደፋ። ሁልጊዜ ግን ስፌቱ አካባቢ ነው፣ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኔም ዝም እል ነበር። የአባባ ልብ ላይ ችግር ተገኝቶ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን የግድ ነው ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶን ነበር፣ አባባ መጀመሪያ እሺ ብለው በኋላ አልሄድም አሉ። ትዕግስት ለመነች፣ አለቀሰች፣ ቄስ አስመጣች፣ አልሰሙም። እኔ ብቻችንን ሆነን ስጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ እሷ መጥታ ብታጣኝስ?» አሉኝ። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ፣ እኝህ ሰውዬ በዚህ ዲስክ ምክንያት ሊሞቱብን ነው አልኩ።

ቲቪውንም ማጫወቻውንም የገጠመው የትዕግስት ወንድም ዳዊት ነው፣ ዌርሃውስ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ኤሌክትሮኒክስ ሲፈታና ሲገጥም ነው የሚውለው፣ ሶ የእናቱን ድምፅ የሆነ ቦታ ደብቆ አባቱን እያጽናና መስሎት ነው ብዬ ወሰንኩ። አፓርትመንቱ ድረስ ሄጄ፣ ፓርኪንጉ ላይ ቆመን ጠየቅኩት፣ ጠየቅኩት ሳይሆን ከሰስኩት ብል ይሻላል። ዳዊት ስልኩን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠውና ፈልግ አለኝ፣ ስልክ ሲቀይር የእናቱ ድምፅ ሁሉ እንደጠፋበት ያኔ ነው የነገረኝ፣ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። «የእማዬ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ ቲቪ ውስጥ የምደብቀው ይመስልሃል?» አለኝ፣ «አቅፌው ነበር የምተኛው።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ከዛ በኋላ ስደውልለት ማንሳት አቆመ፣ እኔም በልቤ አላመንኩትም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ሁሉ እውነት ሲናገር አላየሁም።

በነጋታው አባባ ሻወር ሲገቡ ዲስኩን አውጥቼ ወደ ሱቁ ነዳሁ። ሐሳቤ መልሼ መጣል ነው፣ ግን ከመጣሌ በፊት ሌላ ሰው ይስማልኝ አልኩ። ካሸሯ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ ሴትዮ ናት፣ ዲስኩ ድምፁ ላይ ችግር አለው፣ እስቲ ሞክሪልኝ አልኳት፣ ሽፋኑን ስታይ ፊቷ በራ፣ ልጅ ሆና ይሄን ኮሜዲ ከአባቷ ጋር በቲቪ ታየው እንደነበር እየነገረችኝ ዕቃ መሞከሪያቸው ላይ ከተተችው። ሸሪፉ መጣ፣ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሞከረ፣ ወደቀ።

ዝም።

ሕዝቡ አልሳቀም። እማማ አስካለን ብቻ ማለቴ አይደለም፣ ማንም አልሳቀም፣ ከኋላ ምንም ድምፅ የለም፣ ነፋስ ብቻ። ረዳቱ ቀልድ ተናግሮ ዝም ይላል፣ ሸሪፉም ዝም ይላል፣ ሁለቱም የሆነ ሰው እስኪጨርስ እንደሚጠብቁ ይቆሙና እንደገና ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ሳቁ የታለ አልኳት። እሷ ሳቀችብኝ። ሳቁ የነበረው ቲቪ ላይ እያለ ነው፣ ክፍሎቹን ሰፍተው ፊልም ሲያደርጉት አወጡት፣ ሲኒማ ቤት የራሱ የሚስቅ ሰው አለው ብለው፣ ሰዎቹ ሲናገሩ ቆም ቆም የሚሉት ለዛ ነው፣ ለሳቁ የተተወው ክፍት ቦታ ቀርቶ ነው አለችኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየዘለልሽ አሳዪኝ አልኳት፣ አሳየችኝ፣ አንድም ሳቅ የለውም። ችግሩ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት፣ ይቅርታ ጠይቄ ዲስኩን ይዤ ወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ ኤሲ ከፍቼ ለረዥም ጊዜ ተቀመጥኩ። እኛ ቤት ያለው ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ማን ነበር ታዲያ?

ቤት ስደርስ ትዕግስት ቀጠሮው ስለቀረበ እረፍት ወስዳ ከአባቷ ጋር ተቀምጣለች። አባባ እጄን አዩ፣ ምንም አልጠየቁም፣ ዲስኩን ተቀብለው ራሳቸው ከተቱት። ትዕግስት ያን ፊልም ከኛ ጋር ከመጀመሪያው ቁጭ ብላ አይታው አታውቅም፣ ስትገባ ስትወጣ ነው፣ ዛሬ ግን መሃላችን ተቀመጠች። ሸሪፉ ወደቀ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ ሳሎኑ እስኪሞላ ሳቀ፣ አሁን ሳዳምጠው ብዙ ዓይነት ሳቅ አለበት፣ የሽማግሌ አለ፣ የልጅ አለ፣ ከዛ ሁሉም ሲበርድ እማማ አስካለ ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ወደ ትዕግስት ዞርኩ። እናቷ ናት እኮ፣ የእናቷን ሳቅ ልትስተው አትችልም። ትዕግስት ቲቪውን ታያለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ከዛ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀለሟ ተቀየረ።

«ምንድነው የምትጠብቁት?» አለችኝ።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«ሁልጊዜ እኮ እንዲህ ናችሁ፣» አለች፣ «ሰዎቹ ዝም ሲሉ እናንተም አንገታችሁን ዘንበል አድርጋችሁ ዝም ትላላችሁ፣ ከዛ አባዬ ይስቃል። አብረኸው የምትሆነው ለእሱ አዝነህ ይመስለኝ ነበር።»

ሳቅ አይሰማሽም ወይ ልላት አፌን ስከፍት አባባ ጉልበቴን ያዙኝ። ቀስ ብለው ነው፣ ልጅ ለማባበል እንደሚደረገው።

«ተዋት፣» አሉኝ፣ «ለእሷ ገና ነው።»

ትዕግስት ምኑ ነው ገና ብላ ጠየቀች፣ አባባ ግን ወደ ቲቪው ተመልሰዋል፣ ከስፌቱ በኋላ ያለው ክፍል ጀምሯል። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ሌላ ነው፣ ለእሷ ገና ከሆነ ለእኔስ?

በሚቀጥለው ጠዋት አባባ ማንም ሳይለምናቸው ሱፋቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀምጠው አገኘናቸው፣ ሆስፒታል ውሰዱኝ አሉ። ትዕግስት እልል ልትል ምንም አልቀራት። መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ከእንግዲህ ችግር የለም፣ አስካለ ቤቱን ለይታዋለች አሉኝ። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፣ አሁን ይኸው ፓርክ ወጥተው ይራመዳሉ፣ ከእኔ ይፈጥናሉ፣ ከዛ ወዲህ ዲስኩን ጠይቀውም ነክተውትም አያውቁም። ዳዊትንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ታረቅን፣ ስለ ሳቁ ግን አልነገርኩትም፣ የእናቱ ድምፅ የጠፋበት ልጅ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይነገርም።

አባባን አንድ ቀን ከፓርክ ስመልሳቸው ያኔ ለእሷ ገና ነው ያሉት ምን ለማለት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደዛ ብያለሁ እንዴ አሉ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ የረሱ አልመሰለኝም፣ እመኑኝ፣ የረሳ ሰው እንደዛ ቶሎ አይመልስም። ከዛ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ግን ሐኪም አይቶህ ያውቃል?» አሉኝ።

ሄድኩ። ሳልነግራቸው ሄድኩ፣ ለትዕግስትም ሳልነግር፣ ደሜን ሰጠሁ፣ ልቤን አስመረመርኩ፣ ሁሉም ኦኬ ነው፣ ጤነኛ ነህ፣ ሂድ አሉኝ፣ ወረቀቱን ለሌላ ሐኪም አሳየሁ፣ እሱም ያንኑ አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤት ገብቼ ለአባባ፣ ታየሁ እኮ፣ ምንም የለብኝም አልኳቸው። ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ፣ ፈገግ ብለው፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። አያያዛቸውን ግን ልረሳው አልቻልኩም፣ ሰው የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ እጅ የሚይዝበት አያያዝ ነበር።