አሥራ አምስት አክሲዮንና አንዲት የነጠፈች ላም

«እዚች ላይ አውራ ጣትዎን ያሳርፉልኝ፤ ከዚያ ብሩ የእርሰዎ ነው» አሉ ነጋዴው ጋሽ ሀይሉ። የአሻራውን ቀለም ከፍተው ከሽያጭ ውሉ ወረቀት ጋር ወደ አልጣሽ ገፋ አደረጉላት።

አልጣሽ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጇ እስከዳር ከመደቡ ጥግ ቁጭ ብላ፣ የኢኮኖሚክስ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ታያለች። ጋሽ ሀይሉ እንደሚሉት ቡሬ ያለው የበርበሬ ፋብሪካ ነጥፏል፤ ዘንድሮ ለባለአክሲዮን አምስት ሳንቲም አያከፋፍልም። እሳቸው ግን የመንደራቸው የማንኩሳ ሰው ሲከስር ማየት ስለማይሆንላቸው፣ የአልጣሽን አሥራ አምስት አክሲዮን በገዛችበት ዋጋ፣ አንዱን በሺህ ብር ሊወስዱላት መጥተዋል። ደግ ሰው ናቸው።

አልጣሽ እነዚያን አክሲዮኖች የገዛቻቸው የጓሮ በርበሬዋን ሦስት ዓመት ለቅማ፣ አድርቃ፣ እያስነጠሳት ሸጣ ነው። የምስክር ወረቀቱ ሳጥኗ ውስጥ ከአዲሱ ነጠላዋ ሥር ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ሰበብ ፈልጋ ታወጣዋለች።

የደብተሩ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። የጋሽ ሀይሉ ልጅ ያምሮት የእስከዳር ጓደኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ትናንት ለደብተር መሸፈኛ ወፍራም ወረቀት ከቤቷ አመጣችላት። እስከዳር ሸፍና ስታበቃ ነው የትርፉ ሰንጠረዥ ያለበት የፋብሪካው ዓመታዊ ሪፖርት ገጽ መሆኑን ያየችው። ለማንኩሳ ባለአክሲዮኖች እንዲያድሉት ለጋሽ ሀይሉ የተላከው ጥራዝ፣ ካርቶን ሙሉ፣ እነ ያምሮት መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ያምሮት ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ።

«እስኩ፣ በናትሽ ከእኔ እንዳገኘሽው እንዳትናገሪ። አባዬ ይገድለኛል» አለቻት።

እስከዳርም ቃል ገባች። ጋሽ ሀይሉ በማግስቱ የእነሱን በር እንደሚያንኳኩ ግን ሁለቱም አላሰቡም። አሁን ቃሏ በአንድ በኩል፣ የእናቷ አውራ ጣት በሌላ በኩል ሆነባት።

«እማ፣ ቆይ» አለች። «ፋብሪካው አልከሰረም፤ ትርፍ አለው። ሪቴይንድ ኧርኒንግ አድርገውት ነው፤ ያልተከፋፈለ ትርፍ። ዲቪደንዱን ወደ ካፒታል አዙረውታል።»

አልጣሽ ልጇን አየች፤ ጋሽ ሀይሉን አየች። ከንግግሩ ሁሉ የገባት «እማ፣ ቆይ» የሚለው ብቻ ነበር። ጋሽ ሀይሉ ሳቅ ብለው፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፋብሪካ ልታስተዳድርልን ነው አሉና ቀለሙን ዳግም ገፋ አደረጉት።

እስከዳር ተናደደች፤ ይበልጥ የተናደደችው በራሷ ነው። ለፈተና የሸመደደችው ቃል ለእናቷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ያን ጊዜ ደጀኔ ዘንድ ያለችው ላም ትዝ አለቻት። ደጀኔ ዘመዳቸው ነው፤ አልጣሽ ላሟን በርቢ ሰጥታዋለች። እሱ ይቀልባል፣ የሚወለደውን እኩል ይካፈላሉ።

እንደገና ጀመረች። ፋብሪካው እንደ ላሚቱ ነው። አክሲዮን ማለት ላሚቱ ላይ ያለሽ ድርሻ ነው። በየዓመቱ የሚደርስሽ የትርፍ ድርሻ ደግሞ ወተቱ ነው። ዘንድሮ ወተቱ የቀረው ትርፍ ጠፍቶ ሳይሆን፣ ትርፉን ሁለተኛ ወፍጮ ሊገዙበት ስላስቀሩት ነው አለቻት።

አልጣሽ እጇን ከወረቀቱ አነሳች። አምና ደጀኔ ዘንድ ያለችው ላም ስትነጥፍ አንድ ነጋዴ በርካሽ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። እሷ የላሚቱን ሆድ ዳብሳ መለሰችው፤ በሁለተኛው ወር ጊደር ተወለደች።

«ታዲያ ላሚቱ የነጠፈችው ልትወልድ ነው በይኛ» አለች።

«ልትወልድ ነው። ግን እማ፣ ልትጨነግፍም ትችላለች። ወፍጮው ባይሠራ ወይም በርበሬ ቢረክስ ሁሉም ሊቀር ይችላል። እሱን ስጋት ይሉታል።»

«እሱን እንኳ አንቺ አትነግሪኝም።» ከዚያ ቀለሙን በአንድ ጣቷ ወደ ባለቤቱ መለሰችው። «ጋሽ ሀይሉ፣ እርሰዎ ከብት አዋቂ ነዎት። የነጠፈች ላም ልግዛ ብሎ ሰው ቤት ድረስ የሚመጣ፣ ሆዷን ሳይዳብስ አይመጣም። ለመሆኑ የፋብሪካው ወረቀት ለእኛም ተልኮ ይሆን? ካለ ይምጣልኝና ልጄ ታንብብልኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ጋሽ ሀይሉ ቀለሙን ከድነው፣ የብሩን ፌስታል ጠቅልለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እስከዳር ዞረው ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ጠየቋት። ሰንጠረዡ ያለበት ሽፋን ደረቷ ላይ ተለጥፏል።

«ከኢኮኖሚክስ ደብተሬ» አለች። ውሸት አልነበረም።

እሳቸው ሲሄዱ አልጣሽ እንግዳ ሳይኖር የምስክር ወረቀቱን አወጣች። ስሟን እንድታነብላት እስከዳርን ጠየቀቻት፤ ሁለት ጊዜ አስነበበቻት።

«የባለአክሲዮኑ ጉባኤ ሲጠራ ቡሬ አብረን ነው የምንሄድ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እጄን አወጣለሁ» አለች።

እስከዳር ከክፍል አንደኛ በወጣችበት ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራችም ነበር። በራሷም በእናቷም ኮራች። ያም ሆኖ በጣቷ መቁጠሯ አልቀረም፤ በመንደሩ ሌሎች ሰባት ባለአክሲዮኖች አሉ። ጋሽ ሀይሉ ከዚህ ወጥተው ወደ እነሱ መሄዳቸው ነው። ሽፋኑን ይዛ ብትዞር ደግሞ የያምሮት ነገር ይወጣል።

ሽፋኑን ቀስ ብላ ከደብተሩ ፈታች፤ እጥፋቱን በመዳፏ ደለደለች። ከዚያ ሰባት ባዶ ገጽ ገነጠለችና ሰንጠረዡን በራሷ የእጅ ጽሑፍ መገልበጥ ጀመረች። «ያልተከፋፈለ ትርፍ» ከሚለው መስመር ስትደርስ ቆም አለች። ከሥሩ፣ እናቷ እንዳለችው፣ «ላሚቱ የነጠፈችው ልትወልድ ነው» ብላ ጻፈች። እውነቱ እንዳይጎድል «ልትጨነግፍም ትችላለች» የሚል ጨመረችና ሁለተኛውን ገጽ ሳበች።