ቦታ አይበቃም

ትርንጎ በየቀኑ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ከተነሳ በኋላ የሟች ወንድሟን ላፕቶፕ ከመደርደሪያው ታወርድና እናቷን ወይዘሮ ጥሩወርቅን ታሰማቸዋለች። የምታሰማቸው አርባ ሰከንድ የማይሞላ ድምፅ ነው። ወንድሟ ይበልጣል ከሦስት ዓመት በፊት በነሐሴ ዝናብ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመጣ ከመንገድ ላይ፣ ቤት ትቶት ወደነበረው ወደዚሁ ላፕቶፕ የላከው፣ የመኪናው ሞተር ከኋላው የሚያጓራበት ድምፅ ነው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው የዘገየሁት። ትንሽ ቀረኝ፤ እደርሳለሁ።» ከዚያ ወዲያ መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ ገደል ገባ። ትርንጎ ሬሳውን ለይታ፣ አስገንዛ፣ አፈር አልብሳው ተመልሳለች። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት የሆናቸው እናቷ ግን ቀብሩን አላዩም፤ ድምፁን በሰሙ ቁጥር ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ በሩ ይመልሳሉ።

«ይመጣል እኮ» ይላሉ።

«እሺ እማዬ» ትላለች ትርንጎ።

ላፕቶፑ ዐሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ ነው። ማጠፊያው ሲከፈት ያቃስታል፤ ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ገመዱ ከግድግዳው ሲነቀል ወዲያው ድርግም ይላል። ሐምሌ ሲገባ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። አንድ ቀን «እማዬ፣ እኔ…» ብሎ ቀረ፤ ያን ዕለት ወይዘሮ ጥሩወርቅ እራት አልበሉም። ትርንጎ ድምፁን ወደ ስልኳ ልትገለብጠው ሞክራ እምቢ ስላላት፣ ገበያው ዳር ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ አንዷለም ይዛው ሄደች።

«እትዬ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም፤ ሲስተሙ ነው ያረጀው» አላት አንዷለም። «አዲስ ይጫንበት። ሦስት ቀን ተዪልኝና ልሥራልሽ።»

«ሦስት ቀን አይሆንም። እናቴ ሳትሰማው አትውልም።»

አንዷለም አዲሱን ሲስተም በፍላሽ ሰጣት፤ የቱን እንደምትጫን፣ የቱን እንደማትነካ አስረዳት። «ያለውን ፋይል ይዘህ ቀጥል የሚለውን ምረጪ፤ ምንም አይጠፋም። ብቻ መብራት እንዳይሄድብሽ።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እናቷ ጋደም እንዳሉ ትርንጎ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጣ ፍላሹን ሰካች። ውጭው ቀን ነው፤ ግን ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ግቢውን ስለሞላው የጎረቤቱ ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። ቋንቋ ምረጡ ሲላት አማርኛን መረጠች። «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» አለ ነጭ ጽሑፍ በሰማያዊ ላይ። ሁለት በመቶ። አራት በመቶ። ሙቀት የነካው አቧራ ሸተተ፤ ፋኑ እንደ ሩቅ ወፍጮ ማጓራቱን ቀጠለ፤ እሷም እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ጀመረች።

ዐሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። «ቦታ አይበቃም» የሚል ሳጥን ወጣ። «የማያስፈልገው ተለይቶ ይጥፋ?» አንዷለም ስለዚህ የነገራት ነገር የለም። ስልክ ደወለችለት፤ አያነሳም። የማያስፈልገው ምን እንደሆነ የሚዘረዝር ነገር ፈለገች፤ አጣች። ከጓዳው የእናቷ ድምፅ መጣ፤ «ትርንጎ፣ ዛሬ አታሰሚኝም?» አሏት።

«መጣሁ እማዬ፤ ላንቺው እያዘጋጀሁት ነው» አለችና «አዎ» የሚለውን ተጫነች።

ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ። ሠላሳ። ሠላሳ ስድስት። ከቁጥሩ ሥር ትንንሽ መስመሮች ይወርዳሉ፤ ዓይኗ አንዱን የሚይዘው ካለፈ በኋላ ነው። በአንደኛው ላይ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋን ስም ያየች መሰላት። ይህ ስም እዚህ ማሽን ላይ ምን ያደርጋል ብላ በአፏ ልትደግመው ስትል ስሙ የለም፤ የሴትየዋ ፊትም፣ ያ ክፍልም የለም። ጥርሱ የተነቀለ ሰው ባዶውን ቦታ በምላሱ እንደሚነካ ያህል ደጋግማ ፈለገችው።

በዚያው ቅጽበት በረዶ ቆርቆሮውን መታው። እንደ ጠጠር እየተደፋ፣ እየተደፋ ቤቱን አጨለመው፤ አምፖሉ አንዴ ቀላና ጠፋ። ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ትርንጎ ደረቷን ያዘች፤ «አለቀልኝ» አለች።

ላፕቶፑ ግን አልጠፋም።

ገመዱን በእጇ ተከትላ እስከ ግድግዳው ሄደች። መብራት የለም። ተመልሳ ስታይ ሰማያዊው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤ ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አምስት። ፋኑ አሁን የወፍጮ ድምፅ የለውም፤ ስቦ፣ ጥቂት ይዞ፣ ይለቃል፤ ዳገት የወጣ ሰው እንደሚተነፍስ። ከአየር ማስወጫው የሚመጣውም የአቧራ ሽታ አይደለም። እርጥብ አፈር ነው፤ ገና አሁን የተቆፈረ፣ ሥር ሥር የሚል አፈር። ይህን ሽታ የምታውቀው ከአንድ ቀን ነው።

ክዳኑን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች። ጽሑፉ ተለወጠ።

«አታጥፊው።»

ቆመች። ሴት መሆኗን ለማሽኑ የነገረው የለም። «ይበልጣል?» አለች፤ ድምፅዋ ከበረዶው በታች ለራሷም አልሰማ አላት። ሰባ ዘጠኝ። ክዳኑን ገፋችው፤ ጣቶቿ ፕላስቲኩን የነኩ መሆናቸው አልታወቃትም። ደግማ ገፋችው። ማጠፊያው አላቃሰተም፤ ክዳኑም አልተነቃነቀም።

«ትንሽ ቀረኝ» አለ ጽሑፉ።

«ተው» አለች ትርንጎ። «ወንድሜ፣ ተው በናትህ። በእጄ ነው የቀበርኩህ።»

ያንን ቀን ልታስታውሰው ሞከረች፤ ሣጥኑን፣ የካህኑን ጥላ፣ ጫማዋ ላይ የቀረውን ጭቃ። አንድ በአንድ እያነሳች ያዝኩት ስትል፣ መስመር ሆኖ በሰማያዊው ላይ ወርዶ ይሄዳል። ጫማው ጠፋ። ጥላው ጠፋ። ዘጠና ሦስት ላይ ለምን እንደምታለቅስ ጠፋት፤ እንባው ግን ጉንጯ ላይ አልነበረም።

መቶ። የላፕቶፑ መስኮት እንደ ዓይን ተከደነ፤ ሳሎኑ ጨለመ። በረዶው ባንድ ጊዜ ቆመና ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውኃ ብቻ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጓዳው የአልጋው ሽቦ ሲንጫጫ ሰማች፤ አንድ ከባድ ሰው ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ እንደሚንጫጫው።

«እማዬ» አለ የወንድ ድምፅ። «በልተሻል?»

ይህ ከተቀዳው ድምፅ ውስጥ የለም።

ወደ ጓዳው ደጃፍ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ የእግሯን ኮቴ አልሰማችም። በግማሽ በተከፈተው በር የሰው ጀርባ ታየ፤ ሰፊ፣ እስከ ትከሻው የረጠበ፤ ከካፖርቱ ጫፍ ቀይ አፈር ወለሉ ላይ ይረግፋል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሁለት እጃቸውን አንስተው ፊቱን ይዳብሳሉ፤ ግንባሩን፣ ከዚያ ጉንጩን፤ ጣታቸው ጉንጩ ዘንድ ሲደርስ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ገባ፤ እሳቸው ግን ሳቁ። ትርንጎ እንዲህ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም።

«እማዬ! አትንኪው! እማዬ፣ እኔ ነኝ!» ብላ ባላት ኃይል ሁሉ ጮኸች።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «በሩን ዝጋው ልጄ፤ ነፋስ ገባ።»

ሰውየው ተነሳ። ፊቱን ወደ በሩ ሲያዞር ትርንጎ ልታየው አልፈለገችም፤ ግን አየችው። ከፊቷ አንድ ክንድ ላይ ቆሞ ወደ ባዶው ሳሎን በእሷ ውስጥ አልፎ ተመለከተ፤ እጁን መዝጊያው ላይ እንዳደረገም ወደኋላው፣ «እማዬ፣ ሳልኖር ማን ነበር የሚጦርሽ?» ሲል ጠየቀ።

«ማን ይጦረኛል ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በተረጋጋ ድምፅ፤ «ካንተ ሌላ መች ወለድኩና።»